የሕፃኑ ፓውደር ከየትኛው ተራራ መጣ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ድንጋይ ነው። ቆይ፣ አትዝጉት! ነገሩ የጀመረው እህቴ ቤት ነው።

እህቴ በቅርቡ ወለደች። እናታችን ልትጠይቃት ስትሄድ ከያዘችው ዕቃ ውስጥ አንድ ጠርሙስ የሕፃን ፓውደር ነበረበት። ሁላችንም ያደግንበት፣ ሽታውን ዓይናችንን ጨፍነን የምናውቀው። በሳምንቱ የጢፓት ሃላቭ ነርስ «ፓውደር ይቅርባችሁ፣ ሕፃኑ ወደ ሳንባው ይስበዋል» አለቻቸው። እናቴ እዚያ ምንም አልተናገረችም። ማታ ግን ደወለችልኝ። «ታዲያ እኔ እናንተን ስጎዳ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አላውቅም ነበር። እሷ ራሷ ሀገር ቤት ሕፃን ሆና የተቀባችው ቅቤ ነው፤ ፓውደሩን የለመደችው እዚህ መጥታ፣ ዘመናዊ እናት የምታደርገው ይሄ ነው ተብላ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ዱቄቱ ታልክ ይባላል። ፋብሪካ የፈጠረው ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ከተራራ ተቆፍሮ የሚወጣ ማዕድን ነው። ማግኒዥየም፣ ሲሊካና ትንሽ ውኃ አንድ ላይ ተያይዘው የሠሩት ነው። የማዕድን ጥንካሬ በሞስ መለኪያ ከ1 እስከ 10 ይለካል፤ አልማዝ 10 ነው፣ ታልክ 1። በጥፍር ይፋቃል። ለምን ቢባል፣ ውስጡ እጅግ ስስ በሆኑ ቅጠሎች የተደራረበ ነው፤ ቅጠሉን ከቅጠል ጋር የሚይዘው ኃይል ግን በጣም ደካማ ነው። አዲስ የመጫወቻ ካርታ በጣታችሁ ገፋ ስታደርጉት እንዴት እንደሚንሸራተት ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው።

ታልክ ከሌሎች ማዕድናት ጋር ተቀላቅሎ አለት ሲሆን ደግሞ የሳሙና ድንጋይ ይሉታል። ስትነኩት ሳሙና የነካችሁ ይመስላችኋል። ኢየሩሳሌም የእስራኤል ሙዚየም ገብታችሁ ከሆነ እነዚያን ትንንሽ፣ በጢንዚዛ ቅርጽ የተሠሩ የጥንት ማኅተሞች ሳታዩ አልቀራችሁም። ብዙዎቹ ከዚህ ድንጋይ የተቀረጹ ናቸው። ለስላሳ ስለሆነ ለመቅረጽ ይመቻል፤ ከዚያ በኃይለኛ እሳት ሲተኮስ ውስጡ ያለው ውኃ ይወጣና ወደ ሌላ ጠንካራ ማዕድን ይለወጣል። በጥፍር ይፋቅ የነበረው ድንጋይ እሳት ካየ በኋላ ጥፍር አይነካውም። የጥንት ሰዎች ያለ ላቦራቶሪ ይሄን ማወቃቸው እኔን በጣም ነው የገረመኝ።

እሺ፣ አሁን ወደ ተራራው እንሂድ። ደቡብ ፈረንሳይ፣ የፒሬኔ ተራሮች ውስጥ፣ ከሉዘናክ መንደር በላይ ትሪሙንስ የሚባል ቦታ አለ። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው። በዓለም ካሉት ትልልቅ የታልክ ማውጫዎች አንዱ ይሄ ነው። በፎቶ ስታዩት ተራራው ላይ ነጭ ደረጃ የተሠራበት ይመስላል። ክረምት በረዶ ስለሚዘጋው ቁፋሮው የሚካሄደው በሞቃቱ ወራት ነው።

ታልኩ እዚያ እንዴት ተገኘ? ከ112 እስከ 97 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ ፒሬኔ ገና ተራራ ሳይሆን፣ ምድር እዚያ ቦታ ላይ እየተለጠጠች ትሰነጠቅ ነበር። በስንጥቁ ውስጥ ወደ 300 ዲግሪ የሚደርስ ሙቅ ውኃ ለረጅም ዘመን ተዘዋወረ። በአንድ በኩል ዶሎማይት የሚባል ማግኒዥየም ያለበት የኖራ ዘመድ ድንጋይ ነበር። ውኃው ሲሊካ ይዞ መጣ፣ ካልሲየሙን እያሟሟ ወሰደ፤ የቀረው ነጭ ታልክ ሆነ። በሌላ በኩል የነበረው ድንጋይ ደግሞ ክሎራይት ወደሚባል ግራጫ አረንጓዴ ማዕድን ተለወጠ። ስለዚህ ትሪሙንስ ላይ ንጹሕ ነጭም አለ፣ ግራጫም አለ፣ የተደባለቀም አለ።

የመለየቱ ሥራ ድሮ በእጅና በዓይን ነበር። እናቶቻችን ምስር ሰፌድ ላይ ዘርግተው ጠጠሩን እንደሚለቅሙት፣ እዚያም ሰዎች ቁራጩን ድንጋይ እያዩ ነጩን ለብቻ፣ ግራጫውን ለብቻ ይጥሉ ነበር። በ1905 ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ተስፋፋ። ድንጋዩ ከተራራው ወደ ሉዘናክ ወፍጮ የሚወርደው በሽቦ ገመድ ላይ በተንጠለጠሉ ባልዲዎች ነው። አብዛኛው ታልክ ወደ ሕፃን አይሄድም፣ ይሄን እወቁ። ወረቀት፣ ቀለም፣ የመኪና ፕላስቲክ፣ ሴራሚክ ውስጥ ነው የሚገባው።

የሠራተኞቹ ሳንባስ? በፈረንሳይና በኦስትሪያ የታልክ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት በ2002 ታትሟል። የሳንባ ካንሰር ሞት አልጨመረም፤ ግን ብዙ አቧራ የተነፈሱት ላይ ሌላ የሳንባ በሽታ ታይቷል። አቧራ አቧራ ነው እንግዲህ።

አሁን ውቅያኖሱን እንሻገር። ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ፣ ከከተማዋ ርቆ በሰሜን፣ ገቨርነር የሚባል አካባቢ አለ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ታልክ ተቆፍሮበታል። እዚያ ያለው አለት ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በጥልቅ ተቀብሮ፣ በብዙ ሙቀትና ግፊት ተቀቅሎ ነው የተለወጠው። እንዲህ ያለ ሙቀት ታልክን ብቻ አይሠራም። አጠገቡ ትሬሞላይትና አንቶፊላይት የሚባሉ ማዕድናትን ይሠራል። እነዚህ አንዳንዴ እንደ ክር ቀጭን ሆነው ያድጋሉ፤ እንደዚያ ሲያድጉ ስማቸው አስቤስቶስ ነው። አዎ፣ በእብራይስጥ አዝቤስት የምንለው፣ በድሮ ጣሪያዎች ላይ ያለው፣ በ2011 ሕግ የወጣለት።

በ1980 የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም በዚያ አካባቢ የታልክ ሠራተኞች ላይ የሳንባ ካንሰር ሞት ከሚጠበቀው በላይ መሆኑን አሳተመ። ከዚያ ለዓመታት ክርክር ሆነ፦ ክሩ እውነት አስቤስቶስ ነው ወይስ የተሰበረ ድንጋይ ስንጥር? ለጂኦሎጂ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲተነፍሰው ለኖረ ሠራተኛ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ የስሙ ጉዳይ ሁለተኛ ነው።

በ2004 የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ሰዎች የተለያዩ የታልክ ቦታዎችን አወዳድረው ነበር። በሙቅ ውኃ የተፈጠረው ታልክ ውስጥ እነዚያ ማዕድናት በአብዛኛው የሉም፤ በከባድ ሙቀትና ግፊት በተለወጠው ውስጥ ግን ይገኛሉ። ማለትም አደጋው የሚወሰነው በድንጋዩ ታሪክ ነው። ይህ ሲባል ከጥሩ ተራራ የመጣ ሁሉ ሳይመረመር ይታመን ማለት አይደለም፤ ድንጋይ ከሜትር ወደ ሜትር ይለያያል።

ወደ ጠርሙሱ ስንመለስ፣ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በታልክ የተሠራውን የሕፃን ፓውደር አሜሪካና ካናዳ ውስጥ መሸጥ በ2020 አቆመ፣ በመላው ዓለም ደግሞ በ2023። አሁን የሚሸጠው ከበቆሎ ስታርች የተሠራው ነው። ከዚያ በፊት በ2019፣ የአሜሪካ መንግሥት ምርመራ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት አስቤስቶስ አገኘሁ ስላለ ወደ 33,000 ጠርሙስ ተሰብስቧል። ኩባንያው ምርቴ ንጹሕ ነው ይላል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሶች አሉበት። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ራሱን ታልክን «ለሰው ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው መደብ ውስጥ አስገባው። ይህ መደብ ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው የሚናገረው፤ አንድ ሰው የመታመም ዕድሉ ስንት እንደሆነ አይደለም። ነርሷ ያለችው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ ቀላል ነገር ነው፦ ማንኛውም ደቃቅ ዱቄት፣ የበቆሎውም ቢሆን፣ ለሕፃን ትንፋሽ ጥሩ አይደለም።

ይሄን ሁሉ ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ቡና አፍልታ ነበር፣ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። «አንቺ ያደረግሽው ያኔ ሁሉም የሚያደርገውን ነው እማዬ፣ እኛም ይኸው ደህና ነን» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና ተነሥታ ከቁም ሳጥኑ ያንን ጠርሙስ አወጣች። ከእህቴ ቤት መልሳ አምጥታው ኖሯል።

«እና ይሄኛው ከየትኛው ተራራ ነው?» አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ በሦስት ቋንቋ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩላት። ሽቶ ይላል፣ ታልክ ይላል። ተራራው አልተጻፈም።