የቆሎ ተማሪው ወደ መንዝ ሲመለስ

ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ወጥቶ ጎጃም ቅኔ ቤት የገባ ልጅ የሚመለስበትን ቀን የሚያውቅ የለም። እናቱ አታውቅም፣ የኔታ አያውቁም፣ እሱም ቢሆን አያውቅም። ስለ አብነት ትምህርት ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣው መሄዱ ነው፦ ረኀቡ፣ የመንደር ውሻው፣ ደበሎው። የመመለሱን ነገር ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። በእኔ አስተያየት የዚህን ትምህርት ቤት ጠባይ ከምንም በላይ የሚያሳየው ተማሪው ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ደጅ ላይ ነው። ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ጽድ ወይም ወይራ ሥር፣ የደጋው ውርጭ ገና ሳይለቅ ሕፃናት ይሰበሰባሉ። ንባብ ቤት ይባላል። ፊደል፣ አቡጊዳ፣ ፊደለ ሐዋርያ፣ ወንጌል እያለ ዳዊት ይደርሳል። ዳዊት የደገመ ልጅ ለቤተሰቡ ኩራት ነው፤ ወላጅ እንደ አቅሙ ይደግሳል፣ የኔታን ያመሰግናል። አብዛኛው ልጅ እዚህ ላይ ይቆምና ወደ እርሻው ይገባል፤ የተወሰነው ቅዳሴ ተምሮ ድቁና ይቀበላል። ጥቂቱ ግን በአባቱ ቤት እንጀራ እያለለት ሌላ ረኀብ ይይዘዋል። ዜማ፣ አቋቋም፣ ቅኔ፣ ትርጓሜ መማር ይፈልጋል፤ እነዚህ ደግሞ በየአጥቢያው የሉም።

እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ አገር አለው። ቅኔ የፈለገ ጎጃም ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ አለዚያም ወሎ ዋድላ ይወርዳል። ድጓ የዘለቀ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ አቋቋም ጎንደር ነው። ከዚያ በላይ መጻሕፍት ቤት አለ፤ ብሉዩ፣ ሐዲሱ፣ ሊቃውንቱና መጻሕፍተ መነኮሳቱ በአንድምታ የሚተረጐሙበት። ሁሉንም ልጨርስ ያለ ሰው ሃያ ዓመት እና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ክፍያ የለም፣ የምረቃ ቀን የተጻፈበት ወረቀት የለም። መምህሩ «በቃህ» ሲሉ በቃ።

መንዜው ልጅ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ተደብቆ ነው። አባት በግ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ የመንዝ ቤት ያለ በግ፣ በግም ያለ እረኛ አይሆንም። ስለዚህ ልጁ አንድ ሌሊት ገብስ ቆሎና በሶ ቋጥሮ ይነሣል። ወደ ጎጃም ያሰበ በመርሐቤቴ በኩል የጀማን ሸለቆ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ኋላም ዓባይን ይሻገራል፤ ወደ ዋድላ ያሰበ በግሼ አድርጎ ወደ ወሎ ያቀናል። ትምህርት ቤቱ፣ ማለትም ጉባኤው፣ ሲደርስ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ቤተሰቡ ሰው ልኮ ቢያፈላልገው እንኳ በቤት ስሙ የሚያውቀው አያገኝም። በአሮጌው ዘመን ደብዳቤ የሚያደርስ ስላልነበረ፣ ከተማሪው ብዙ ዓመት ወሬ ያጣ ቤት ልጁን ሞቷል ብሎ ተስካር ሊያወጣለት ይችል ነበር።

እዚያ የሚጠብቀውን ኑሮ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አላረዝመውም። በራሱ እጅ የሚሠራት ጎጆ፣ ለልመና አኩፋዳ፣ ለውሻ ዱላ፣ ለብርድ ደበሎ። በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የሚለምነው ፈልጎ ሳይሆን ሥርዓቱ ስለሆነ ነው፤ የባለጠጋ ልጅም ይለምናል። ተስቦ የገባ ዓመት ጉባኤው ውስጥ ብዙ ጎጆ ባዶ ይቀር ነበር። ስለ ደበሎው አንድ ነገር ልጨምር። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ጠጉሩ ግን ወፍራም ነው። ከዚያው ጠጉር ባናና በርኖስ ይሠራል፤ ከቆዳው የተማሪው ልብስ ይወጣል። ልጁ ትቶት የሸሸው መንጋ በጀርባው ላይ ሆኖ ጎጃም ድረስ ይከተለዋል።

የቅኔ ቤት ሥራ ከሁሉ ይከብዳል ይላሉ፤ እኔም አምናለሁ። ሌላው ትምህርት የተደረሰውን መያዝ ነው፣ ቅኔ ግን ያልነበረውን ማምጣት ነው። ተማሪው ቀን ብቻውን ሜዳ ወጥቶ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣና ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ያድጋል። የተነገረ ቅኔ ተመልሶ አይነገርም፤ ለሚቀጥለው በዓል ሌላ ማምጣት ግድ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ገብቶ የሕዝቡን ኑሮ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው ከዚሁ ከቅኔ ወስዶ ነው።

ለማነጻጸር ያህል ሌላ የሃይማኖት ተጓዥ እናንሣ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ የሆነው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶቹን ለስብከት ይልካል፤ ወንዶቹ 24 ወር፣ ሴቶቹ 18 ወር። እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ላይ ማዕከል ያለው የሚስዮን ክልል አቋቁሟል። የዚያ ወጣት ቤተሰብ ልጁን መርቆ ይልካል፣ በየሳምንቱ ድምፁን ይሰማል፣ የሚመለስበትን ቀን አስቀድሞ ያውቃል፤ ቀኑ ሲደርስ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ ይጠብቃል። የቆሎ ተማሪው ጉዞ በሁሉም ነገር ከዚህ ይለያል። የሄደው ሊሰብክ ሳይሆን ሊማር ነው፤ ላኪ አልነበረውም፤ ስለዚህ ተቀባይም አልተዘጋጀለትም።

ሲመለስ ታዲያ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ልቅሶ ነው። በሄደበት ዘመን የሞቱ ሁሉ አሁን ይለቀሱለታል፤ እናቱ ሞታ ከሆነ መርዶውን የሚሰማው የቤቱን ደጃፍ ሲረግጥ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ይባላል። እረኛ ሆኖ ከወጣበት ቤት ሽማግሌ ቆሞ የሚቀበለው መሪጌታ ሆኖ ይገባል። ታላቅ ወንድሙ እንኳ አንተ ለማለት ይቸገራል።

ቀጥሎ ፈተናው አለ። ፈታኙ አገሩ ነው፣ ፈተናውም የአጥቢያው ንግሥ ነው። ማኅሌቱ ተቁሞ ሲያድር ጸናጽልና መቋሚያ ይሰጡታል፤ የዘመሙን፣ የጽፋቱን ሥርዓት ያዩለታል። ከዚያ ቅኔ እንዲያቀርብ ይጋብዙታል። ቆላ ወርዶ ደጋ ወጥቶ ዓመት የቆጠረበት ሁሉ በዚያች ሰዓት ይለካል። ከካህናቱ መሃል ሰምና ወርቁን የሚለይ አንድ አዛውንት ከኖሩ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ሕዝቡ ያያል፤ ሕዝቡ ግእዙን ባይሰማም የአዛውንቱን ራስ ያነባል።

የቤተሰቡ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ያገባል ወይስ ይመነኩሳል? ጥድፊያው ከሥርዓቱ የመጣ ነው። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ወይ በቁርባን ማግባት ወይ መመንኮስ አለበት፤ ቄስ ከሆነ በኋላ ማግባት የለም። ስለዚህ ገና ድካሙ ሳይወጣለት አክስቶቹ የሰው ልጅ ማጨት ይጀምራሉ። እሱ ደግሞ ገና መጻሕፍት ቤት የቀረው ሊሆን ይችላል። ብዙ ተማሪ ሁለተኛ ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

መሬቱም አለ። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የተመለሰው ልጅ ከእናትም ከአባትም ወገን ቆጥሮ ርስቱን ይጠይቅ ነበር፤ ዓመት ቢርቅም ደሙ አይጠፋምና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ከታወጀ ወዲህ ግን መሬት የሚገኘው በቦታው ለተገኘ ነው። መሬት ሲደለደል ዋሸራ ጎጆው ውስጥ ቅኔ ሲቆጥር የነበረ ሰው፣ ሲመለስ ወንድሙን ማስቸገር ይሆንበታል። ይህ የትምህርቱ ጉዳት በቂ ትኩረት ያላገኘ ይመስለኛል።

የሸዋ ታሪክ ከጉባኤ ተጠርቶ የተመለሰ አንድ ታላቅ ተማሪ አለው። በ1805 ዓ.ም. የሸዋው ገዥ ወሰን ሰገድ ሲገደሉ አልጋው የሚገባው ለታላቁ ልጅ ለበኩሬ ነበር። ሆኖም በኩሬ ሳይደርስ ገና ጎልማሳ ያልሆነው ሣህለ ሥላሴ ከሰላ ድንጋይ ገዳም ከትምህርቱ ተነሥቶ መጣና ሥልጣኑን ያዘ፤ ኋላም ንጉሥ ተብሎ ሸዋን እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ገዛ። ያልተመለሱም አሉ። መርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው እንጦጦ ራጉኤል ገቡ፣ ደራሲና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ያረፉት ግን እ.ኤ.አ. በ1938 በስደት እንግሊዝ አገር ነው።

ዛሬ ተማሪው ስልክ ይዟል፣ እናቱ ድምፁን ትሰማለች። ጭንቀቱ ቀለለ እንጂ መመለሱ አልቀለለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት መንገዱን አክብዶታል። ከዚያም በፊት ቢሆን የተማረው ሊቅ መጨረሻ አዲስ አበባ እየሆነ ነበር፤ የከተማ ደብር ደመወዝ ይከፍላል፣ የገጠር አጥቢያ አይችልም። ያንን ሊቅ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ልጁ ሲሄድ ስንቅ ያልቋጠረለትን፣ ሲመለስም የሚቀመጥበት ያላዘጋጀለትን አሠራር ነው።

መንዝ ላይ አንድ ጉባኤ ለመትከል የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የኔታ የሚያድሩበት ቤት፣ ተማሪ ጎጆ የሚቀልስበት ቦታ፣ አጥቢያው በመኸር ጊዜ ከየቤቱ የሚያዋጣው ገብስ። ይህ በተደረገበት ቦታ ጎጃም ወርዶ የመጣው መሪጌታ ወንበሩን እዚያው ይዘረጋል፤ የግሼ ልጅም ቅኔ ለመማር ዓባይን መሻገር ላያስፈልገው ይችላል።