ስለ ካሜራ ፍላሽ ጠባይና አያያዝ

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «በብርሃን መጻፍ» ማለት ነው። እንግዲህ ብርሃን ለፎቶግራፍ አንሺ ቀለሙ ከሆነ፣ ፀሐይ በገባች ጊዜ ቀለሙ እንደ ነጠፈበት ጸሐፊ ይቸገራል ማለት ነው። የጥንቶቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ችግር ለማቃለል የማግኒዚየም ዱቄት እያቀጣጠሉ ያነሡ ነበር፤ ጢሱ ቤቱን ይሞላል፤ እሳቱም አንዳንድ ጊዜ አንሺውን ራሱን ይፈጀው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. በጀርመን አገር ዱቄቱን የሚተካ፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ የሚጣል አምፖል ወጣ። በ1930ዎቹ ዓመታት ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህር የነበሩት ሃሮልድ ኤጀርተን ደጋግሞ የሚያበራውን የኤሌክትሪክ ፍላሽ ለፎቶግራፍ ሥራ አበቁት። ዛሬ በካሜራ አናት ላይ የሚሰካው ፍላሽ የዚያ ተወላጅ ነው።

ከተማሪዎችና ከወጣት ሠራተኞች መካከል በምረቃና በሠርግ ቀን ፎቶግራፍ እያነሡ ኪሳቸውን የሚደጉሙ ጥቂቶች አይደሉም። ሙሽራዪቱ ሁለተኛ አትዳርም፤ ተመራቂውም ተመልሶ ቆቡን አይደፋም። ስለዚህ በፍላሹ ጀርባ ላይ ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮች አስቀድሞ ማወቅ የሰውን አደራ መጠበቅ ነውና፣ ዋና ዋናዎቹን ከዚህ ቀጥለን እናብራራለን።

በመጀመሪያ የሚታወቀው የፍላሹ ጉልበት ነው። ይህም የሚለካው መሪ ቁጥር በሚባል አኃዝ ነው። በአይኤስኦ 100 መሪ ቁጥሩ 40 ሜትር የሆነ ፍላሽ ቢኖረንና የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ ብናደርገው፣ 40 ለ8 ሲካፈል 5 ስለሚሆን ብርሃኑ በ5 ሜትር ርቀት ላለ ሰው ልክ ይሆናል። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 4 ብናሰፋው እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። አይኤስኦውን 400 ብናደርገው ደግሞ መሪ ቁጥሩ በእጥፍ ያድጋል። ሆኖም ገዢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ፋብሪካዎች በካርቶኑ ላይ የሚያትሙት ቁጥር ብዙ ጊዜ የፍላሹ ራስ ብርሃኑን አጥብቦ ሩቅ በሚወረውርበት ጊዜ የተለካ ነው። ሁለት ፍላሾች የሚወዳደሩት በአንድ ዓይነት ዙም ሲለኩ ብቻ ነው።

ብርሃን ሲርቅ ፈጥኖ ይደክማል። ርቀቱ እጥፍ ቢሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ብቻ ነው። ከስታዲየም መቀመጫ ላይ ሆኖ በሜዳው መካከል ወዳለ ሰው ፍላሽ ማብራት ድንጋዩን በከንቱ መጨረስ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቲ ቲ ኤል እና ኤም የሚባሉት ሁለት አሠራሮች ናቸው። በቲ ቲ ኤል ጊዜ ፍላሹ አስቀድሞ ትንሽ ብልጭታ ይልካል፤ ካሜራው በሌንሱ የተመለሰለትን ብርሃን ለክቶ ትክክለኛውን መጠን ያዝዛል። ይህ ለሚንቀሳቀስ ሰው፣ ለጭፈራና ለአጀብ የተመቸ ነው። ነገር ግን ነጭ ልብስ ያታልለዋል። የአገራችን እናቶች በነጠላና በሐበሻ ቀሚስ ተሰልፈው ሲነሡ፣ ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ይቀንሰዋል፤ በዚያን ጊዜ ልብሱ ያመድማል፤ ፊታቸውም ይጨልማል። መድኃኒቱ የፍላሹን ማካካሻ ወደ +1 ከፍ ማድረግ ነው። በኤም ጊዜ ግን መጠኑን የምንወስነው እኛው ነን፤ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ እያለ በብዙዎቹ ፍላሾች እስከ 1/128 ይወርዳል። ተነሺው ከቦታው የማይንቀሳቀስ ሲሆን ይህ ይሻላል።

ሦስተኛው የፍላሹ ራስ መዞሩ ነው። ፍላሽ በቀጥታ ፊት ላይ ሲያርፍ ግንባርን ያብለጨልጫል፤ ከጀርባም በግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል። ራሱን ወደ ኮርኒስ ብናቀናው ግን ብርሃኑ ተበትኖና ለስልሶ ይመለሳል። ኮርኒሱ ነጭና ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ አረንጓዴ ቢሆን ፊትን አረንጓዴ ያደርጋል። በባለ ቀለም የሠርግ ድንኳን ውስጥም ይኸው ያጋጥማል። አዳራሹ እጅግ ከፍ ያለ እንደሆነ ብርሃኑ ወደ ላይ ወጥቶ ይቀራል።

አራተኛው የሻተር ፍጥነት ነው። በብዙዎቹ ካሜራዎች ሻተሩ ሁለት መጋረጃዎች አሉት፤ እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሴኮንድ ባለው ፍጥነት ሁለቱም አንድ ጊዜ ተከፍተው ይገኛሉ። ከዚያ ከፈጠነ አንደኛው መጋረጃ ብርሃኑን ስለሚጋርደው በፎቶግራፉ ላይ ጥቁር መቀነት ይታያል። ለዚህ የተሠራ ፈጣን ማቀናበሪያ ያላቸው ፍላሾች አሉ፤ ይሁን እንጂ ጉልበታቸውን ይቀንስባቸዋል። ሻተሩ ይበልጡን የሚገዛው የክፍሉን ብርሃን ስለሆነ፣ በማታ ግብዣ ላይ ወደ 1/60 ዝቅ ቢል ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ሥፍራ ጨልሞ አይቀርም። ፍላሽ የሌሊት ብቻ ነው ብሎ ማሰብም አይገባም፤ በቀትር ፀሐይ የምረቃ ቆብ በዓይን ላይ የሚጥለውን ጥላ ትንሽ ብልጭታ ያነሣዋል።

ስለ አያያዙም ጥቂት እንጨምር። ፍላሹ ተከታትሎ ሲበራ ስለሚግል ፋታ ይሻል። ሥራ ሲያበቃ ድንጋዩን ማውጣት ይገባል፤ ካፈሰሰ መሣሪያውን ይበላዋልና። የተበላሸ ፍላሽ በቤት መፍታት አደገኛ ነው፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር ከጠፋ በኋላም በመቶ የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። አሮጌ ፍላሽ በአዲስ ካሜራ ላይ ከመሰካት በፊትም ቮልቱን በባለሙያ ማስለካት ይበጃል፤ አንዳንዶቹ ካሜራውን ያቃጥላሉ። ሲገዙም ራሱ የሚዞር፣ ኤም ያለውና ቲ ቲ ኤሉ ለካሜራው ዓይነት የተሠራ መሆኑን መጠየቅ ነው፤ ለካኖን የተሠራው ቲ ቲ ኤል ለኒኮን አያገለግልምና።

ጀማሪ ለሰው ሠርግ ከመጠራቱ በፊት አንድ ማታ ወንድሙን ወይም እኅቱን ከግድግዳ አጠገብ ያስቀምጥ። አንዱን በቀጥታ፣ አንዱን በኮርኒስ፣ አንዱን በግማሽ ጉልበት አንሥቶ ሦስቱን ያስተያይ። የሚሳሳተውን ሁሉ በዚያች ማታ በገዛ ቤቱ ቢሳሳት፣ የሙሽሮቹ ቀን ይተርፋል።