የሥነ ምግብና ዳይቴቲክስ ድኅረ ምረቃ ሥልጠና

የሥነ ምግብና ዳይቴቲክስ ድኅረ ምረቃ ሥልጠና ምግብ ለጤናና ለሕክምና ያለውን ድርሻ የሚያስተምር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ነው። ሥነ ምግብ ይበልጡን የማኅበረሰቡን አመጋገብ ያጠናል፤ ዳይቴቲክስ ግን ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚሠራ ሙያ ስለሆነ ያለ ሆስፒታል ልምምድ አይሟላም። በደቡብ ወሎ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ በሚገኘው የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ የማኅበረሰብ ጤና ሥነ ምግብ ትምህርት ክፍል አለው (የኮምቦልቻው ግቢ የቴክኖሎጂ ነው)።

ልምምዱ ለምን የአሰልጣኝ ክትትል እንደሚያሻው በከባድ የምግብ እጥረት ተጎድቶ ሆስፒታል የተኛ ሕፃን ጥሩ ማሳያ ነው። የተራበን ቶሎ ማጥገብ አደገኛ ነው፤ በድንገት የበዛ ምግብ በደም ውስጥ ያሉትን ማዕድናት አዛብቶ ልብን ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ በያዘው ኤፍ-75 ወተት ይጀመራል። መጠኑ በቀን ለ1 ኪሎ ግራም ክብደት 130 ሚሊ ሊትር ነው። ሰውነቱ በጣም ካበጠ ግን ከክብደቱ ከፊሉ ውኃ ስለሆነ ወደ 100 ይቀነሳል። ለ6 ኪሎ ሕፃን 780 ወይም 600 ሚሊ ሊትር ማለት ነው።

ማባዛቱ ቀላል ነው። ሁለቱን እግሮች በአውራ ጣት ተጭኖ፣ እጅንና ፊትን አይቶ የእብጠቱን ደረጃ መለየት ግን ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም፤ ሰልጣኙ የለየውን አሰልጣኙ በራሱ ጣት ደግሞ ማረጋገጥ አለበት። ፍላጎቱ ሲመለስና እብጠቱ ሲቀንስ ኤፍ-100 ወይም ፕላምፒ ነት ይተካል።