ያውቁ ኖሯል? በገና ሜዳ ጌታ አይቆጣም

በገና ጨዋታ መሀል ሎሌ የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው፣ በቆየው ልማድ ጌታው ሊቆጣም ሊከስም እንደማይችል ያውቁ ኖሯል? በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ እንደ ሌላው የሰሜኑ ገጠር ሁሉ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን መንደር ከመንደር ሲገጥም ማዕረግ ከሜዳው ውጭ ይቀራል። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ የሚመታው ሩር ደግሞ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራ ድቡልቡል ኳስ ነው፤ እግር ላይ ሲያርፍ ያማል። በገጠሩ አጨዋወት የተጫዋቹ ቁጥርም ሆነ የሜዳው ስፋት አስቀድሞ አይወሰንም።

ይህን ያየ ሰው «ሕግ የሌለው ጨዋታ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ቂም መከልከሉ ራሱ ጽኑ ሕግ ነው፤ እሱ ባይኖር ያ ሁሉ ዱላ የያዘ ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ባልተመለሰ ነበር። ሕጉ አንድ በአንድ የተጻፈለት ክሪኬት የተባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ እንኳ ለተጫዋቾች የተወው ሥልጣን አለ፦ በ31ኛው ሕግ መሠረት መቺው መውጣት የሚገባው ቢሆንም፣ ከተጋጣሚው ቡድን አንዱ «እንዴት ነው?» ብሎ ካልጠየቀ ዳኛው ሊያስወጣው አይችልም። ጥያቄውም ቀጣዩ ኳስ ሊወረወር ሩጫ ከመጀመሩ በፊት መቅረብ አለበት።

ዛሬ የገና ጨዋታ በባህል ስፖርት ውድድሮች ላይ በዳኛና በተወሰነ የተጫዋች ቁጥር ይካሄዳል።