ነጂው ሲከፋው ከብቱ ይከሳል

የቁም እንስሳት ነጋዴ ትርፉን የሚያሰላው በመግዣና በመሸጫ ዋጋ፣ በመኪና ኪራይ፣ በቀረጥና በመኖ ነው። የነጂው፣ የጫኝና አውራጁ፣ በማቆያ በረት የሚያድረው ጠባቂ ስሜት ሒሳቡ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን ከብቱ ከቦረና ገበያ ተነሥቶ ሞያሌን እስኪሻገር፣ በጉም ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌ በኩል በርበራ ወደብ እስኪደርስ ባለንብረቱ ብዙ ጊዜ አብሮ አይጓዝም። አብሮ የሚጓዘው ቅጥር ሠራተኛው ነው። የት እንደሚያርፉ፣ መቼ ውሃ እንደሚጠጡ፣ በፉጨት ወይስ በዱላ እንደሚነዱ የሚወስነው እሱ ነው።

ደስተኛ ሠራተኛ ሲባል ቀኑን ሙሉ የሚስቅ ሰው ማለት አይደለም። በዚህ ሥራ ደስታ ማለት ክፍያው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚደርሰው ማወቅ፣ ባላጠፋው ነገር አለመጠየቅ፣ ቢታመም መንገድ ላይ አለመጣል ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የሚጎድለው ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

የተናደደ ነጂ ንዴቱን የሚወጣው ሩቅ ባለው ባለንብረት ላይ ሳይሆን ፊቱ በቆመው በሬ ላይ ነው። ዱላው ከቆዳው ላይ ላይታይ ይችላል። ቄራ ገብቶ ሲገፈፍ ግን ደም የቋጠረው ሥጋ ተቆርጦ ይጣላል። ለረጅም ሰዓት የተዋከበ እንስሳ ደግሞ በጡንቻው ውስጥ ያጠራቀመውን ኃይል ይጨርሳል፤ ከታረደ በኋላ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ለሞጆና ለቢሾፍቱ ላኪ ቄራዎች የሚያቀርብ ነጋዴ እንዲህ ያለ ሥጋ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ያውቃል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚመጣው ግን ከዱላ ሳይሆን ከዝምታ ነው። በብዙ ቦታ የሞተ ወይም የጠፋ እንስሳ ዋጋ ከነጂው ክፍያ ይቆረጣል። ባለንብረቱ ይህን ያደረገው ለጥንቃቄ ብሎ ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ሁለት ፍየል ሲያነክሱ ያየ ነጂ ቢናገር ዕዳ እንደሚጻፍበት ካወቀ አይናገርም፤ እስከ መዳረሻው እንዲደርሱለት ብቻ ይመኛል። ያነከሱት በአፍተግር ከሆነ ማቆያው ሲደርሱ የታመሙት ሁለት አይሆኑም። በመሰብሰቢያው አካባቢ በጎች ተከታትለው ሲጨነግፉም መጀመሪያ የሚያየው ይኸው ሠራተኛ ነው። መጨንገፍ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ዋነኛ ምልክት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2000 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ቀንድን እንስሳት ያገደችው በዚሁ በሽታ ሰበብ ነበር፤ የዚያን ጊዜውን ኪሳራ በርበራ ላይ የነበሩ ነጋዴዎች አይረሱትም። በሽታው ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ስለዚህ ጓንት መግዛትና የጨነገፈውን በባዶ እጅ እንዳይነኩ መንገር ለሠራተኛው ክብር መስጠትም ነው።

የሚሻለው በቸልተኝነት የጠፋውንና በበሽታ የሞተውን አስቀድሞ መለየት ነው። በዕለቱ ስልክ ደውሎ ያሳወቀ ነጂ ከክፍያው አይቆረጥበትም ተብሎ በምስክር ፊት ይስማሙ። ቀጣሪው የአንድ በግ ዋጋ ያጣ ይሆናል፤ መንጋውን ግን ያተርፋል።

ስለ ክፍያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ግማሹን ሲነሡ፣ ቀሪውን ርክክቡ በተፈጸመበት ቀን መስጠት ነው እንጂ «ገዢው ሲከፍለኝ» ማለት ነጂውን ያለፍላጎቱ የንግዱ ሸሪክ ማድረግ ነው፤ ትርፉን ሳይካፈል። በቴሌብር፣ በኤም ፔሳ ወይም በሶማሌላንድ በዛድ መላክ ስለሚቻል ርቀት ሰበብ አይሆንም። ገንዘቡ ቤተሰቡ ዘንድ መድረሱን የሰማ ሰው ሌሊቱን ነቅቶ መጠበቅ አይከብደውም።

ዕረፍትም አለ። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። መንጋ ሰዓት አይቆጥርም፤ ሦስት ሰው ያለበትን ጉዞ በሁለት ሰው ማስኬድ ግን ቁጠባ አይደለም። ሁለቱም ሲያንቀላፉ የጅቡ ፋንታ ነው።

የሰው ጉዳይ ወደፊት ይበልጥ ይከብዳል። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 29 ላይ ነበር፣ በ2021 ዓ.ም. ሚያዝያ አጋማሽ ላይ እንደሚውል ይጠበቃል። ለሐጅ ገበያ የሚሰበሰበው በግና ፍየል እንግዲህ በጂላል ድርቅ መጨረሻ፣ ኩሬው ሲደርቅና ጉድጓዱ ሲርቅ መነዳት ሊኖርበት ነው። ያን ጊዜ መንገዱን የሚያውቅ ነጂ ማንን እንደሚከተል ራሱ ይመርጣል። በየሻይ ቤቱ ማን ከፍሎ ማን እንደከለከለ ይወራል፤ ስሙ የተበላሸ ነጋዴ የሚያገኘው ሌሎች ያልፈለጉትን ሰው ነው። ለመጪው ወቅት ነጂ የሚፈልግ ካለ፣ ያለፈውን ዓመት ቀሪ ሒሳብ ዛሬ ቢዘጋ ይቀለዋል።