ከአምቦ ውሃ ጠርሙስ እስከ ዩሪያ ጆንያ
ያልተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲያዩት የተኛ ይመስላል። አረፋም ድምፅም የለውም። ውስጡ ግን ግርግር ነው። ከውሃው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከአንገቱ ሥር ተመልሶ የሚገባው መጠናቸው እኩል በመሆኑ ብቻ ነው ጸጥታ የሰፈነው። ኬሚስቶች ይህን ሚዛን ይሉታል። ቆርኪው ሲነሳ ጋዙ ጥሎ ይሄዳል፤ ውሃው የጎደለውን ሊተካ ሲያወጣ ሲያወጣ ይውልና ማታ የሚቀረው ተራ ውሃ ነው።

የኢትዮጵያ ገበሬ በክረምት ጤፍና ስንዴው ላይ የሚበትነው ነጩ ዩሪያም የሚሠራው በዚሁ የሚዛን ሕግ ነው። ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ 50 ኪሎ ጆንያ የተሸከመ ሰው 23 ኪሎ ናይትሮጅን ትከሻው ላይ አለ። የመጣው ከአየር ነው፤ ዩሪያ ለመሆን ግን መጀመሪያ ከሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶ አሞኒያ መሆን አለበት።

ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን አሞኒያ ለመሆን ይፈልጋሉ? መልሱን የሚሰጠው አሜሪካዊው ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ያበጀው ስሌት ነው፤ ዛሬ ነጻ ጉልበት እንለዋለን። ስሌቱ በአንድ በኩል የሚለቀቀውን ሙቀት፣ በሌላ በኩል የቅንጣቶቹን መበታተን ይመዝናል። ነጻ ጉልበቱ የሚቀንስ ከሆነ ለውጡ መንገድ አለው፤ ከዚያ በታች መውረጃ ሲያጣ ሚዛን ላይ ይቆማል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሞኒያ ሲሠራ በየሞሉ 16 ኪሎጁል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ መንገዱ ክፍት ነው።

ግን ማንም አይሄድበትም። የናይትሮጅን ሁለት አተሞች በሦስት እጥፍ ትስስር ስለተቆላለፉ ጋዞቹን ቀላቅሎ ዓመት ቢጠብቁ ጠብ የሚል ነገር የለም። ስሌቱ አቅጣጫን እንጂ ፍጥነትን አይናገርም። ታዲያ ይሙቅ? ሲሞቅ ትስስሩ ይላላል፤ ሆኖም አራት ሞለኪውሎች ተጨናንቀው ሁለት መሆናቸው በሙቀት ላይ ዋጋ ያስከፍላል። በመደበኛ ግፊት ከ190 ዲግሪ ገደማ በላይ ሚዛኑ ያጋድልና አሞኒያው ወደ መጣበት መመለሱ ይበዛል። ሲበርድ አይሠራ፣ ሲሞቅ አይበረክት!

ፈረንሳዊው ሄንሪ ለ ሻተልዬ ሚዛን ሲነካ ወዴት እንደሚያጋድል የሚናገረውን ሕግ ያወጣ ሰው ነው። በ1901 አሞኒያን በከፍተኛ ግፊት ለመሥራት ሞከረ፤ መሣሪያው ፈነዳና ተወው። ሕጉን ያወቀው ሰው ድሉን ለሌላ መልቀቁ ያስቆጫል። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር ሐምሌ 1909 ካርልስሩህ ውስጥ ጋዞቹን ከአየር ግፊት ወደ 200 በሚጠጋ እጥፍ አምቆ፣ ኦስሚየም በተባለ ብርቅ ብረት ላይ አሳለፋቸው። ግፊቱ ሚዛኑን ወደ ጠባቡ ወገን ገፋው፤ ኦስሚየሙ ደግሞ ሚዛኑን ሳይነካ መንገዱን አሳጠረ። ፈሳሽ አሞኒያ ጠብ ጠብ አለ። ካርል ቦሽ ይህን ወደ ፋብሪካ አሸጋገረው፤ የሥራ ባልደረባው አልዊን ሚታሽ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሙከራዎች በኋላ ኦስሚየሙን በርካሽ ብረት ተካ። ኦፓው ላይ ያለው ፋብሪካ በ1913 ማምረት ጀመረ።

ዛሬም ቢሆን ጋዙ አንድ ጊዜ ሲያልፍ አሞኒያ የሚሆነው ከፊሉ ብቻ ነው። ፋብሪካው አሞኒያውን አቀዝቅዞ ያወጣል፣ የቀረውን ጋዝ መልሶ ያዞራል፤ ሚዛኑ እንደ ተከፈተው ጠርሙስ የጎደለውን ሲያሳድድ ይውላል። የወጣው አሞኒያ ዩሪያ ለመሆን አንድ ጋዝ ይቀረዋል፤ እሱም ከአምቦው ጠርሙስ ጥሎ የሄደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።