ሜክሲኮ ሲቲን መሮጥ፦ በስስ አየር ላይ 42 ኪሎ ሜትር



“ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” የሚለውን የታክሲ ረዳት ጥሪ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የዛሬው ጉዳያችን ግን ዋናዋ ሜክሲኮ ናት። የጣሊያንን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች እኛ አደባባይ ሰየምንላት፤ እነሱም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ “ኢትዮጵያ” የሚባል የሜትሮ ባቡር ጣቢያ አላቸው።

በዚህች ከተማ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ ወር፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ማራቶን ይሮጣሉ። በቅርብ ዓመታት መነሻው በደቡብ በኩል ያለው የዩኒቨርሲቲው ኦሎምፒክ ስታዲየም አካባቢ ሲሆን፣ መድረሻው ሶካሎ የሚባለው የመሃል ከተማው ሰፊ አደባባይ ነው። ስፔኖች በ1521 እ.ኤ.አ. የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ድል አድርገው፣ በፍርስራሹ ላይ የቅኝ ግዛት ከተማቸውን የገነቡት እዚሁ ነው። በአንድ በኩል ካቴድራሉ፣ በሌላ በኩል ብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ፣ አጠገባቸው ደግሞ ተቆፍሮ የወጣው የአዝቴኮች ቤተ መቅደስ ይታያል። ዩኔስኮ ይህን መሃል ከተማ በ1987 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ቦታው ያምራል። ችግሩ ከፍታው ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ!

ማሞ ወልዴ ያሸነፈው ይህንን አየር ነው

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ማራቶን የተጀመረው ከዚሁ ከሶካሎ ነበር፤ መድረሻው የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ነበር። አበበ ቢቂላ በእግር ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቁን አመጣ፤ ሁለተኛ የወጣውን ጃፓናዊ ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ነው የገባው።

አሁን ይህን አስተውሉ። አበበ ከ4 ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር። የ8 ደቂቃ ልዩነት! ለዚህ ከፍታው ትልቅ ድርሻ አለው። በዚያው ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ 6ኛ ሆኖ እንደገባ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ኦክስጅን ተሰጠው። በዚያ ሩጫ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ 1ኛ፣ የእኛው ማሞ 2ኛ ነበሩ። ሁለቱም የደጋ ልጆች ናቸው።

ሰውነታችን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ብዙ ሰው “ከፍታ ላይ ኦክስጅን የለም” ይላል። እንደዚያ አይደለም። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ገደማ ነው። ከፍ ስንል የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከምታገኙት በሩብ ያህል ያንሳል።

ሰውነት ወዲያው መላ ይፈልጋል። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ይመታል። ኩላሊት በሰዓታት ውስጥ “ቀይ የደም ሴል አምርት” የሚል መልእክት ወደ መቅኒ ይልካል። ምርቱ በደንብ እስኪታይ ግን ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያው ድረስ የሰውነት ትልቁ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ከ1,500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ በግምት 1 በመቶ ይቀንሳል፤ እንደየሰው ይለያያል።

“እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ አይነካኝም” ለምትሉ

አዲስ አበባ ላይ የምትኖሩ ከሆነ እውነታችሁን ነው፤ ከፍታችን 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የሜክሲኮ ሲቲ አየር ለእናንተ የቤት አየር ነው። ነገር ግን ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ለዓመታት የኖራችሁ ወገኖቻችን፣ ልብ በሉ! ከፍታ የጨመረላችሁ ቀይ የደም ሴል ቆላ ስትወርዱ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ተወልዶ ማደግ ብቻውን አያድንም። ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ብላችሁ አርብ ገብታችሁ እሑድ የምትሮጡም ቢሆን ምክሩ ለእናንተም ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ጊዜ ስጡት። ከቻላችሁ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀድማችሁ ግቡ። ካልቻላችሁ የራሳችሁን ምርጥ ሰዓት ለማሻሻል አትሞክሩ፤ ለመጨረስ ብቻ ሩጡ።

2. ሰዓታችሁን ሳይሆን ትንፋሻችሁን ስሙ። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች አጠር ያለ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

3. ውኃ በልክ። በከፍታ ላይ በትንፋሽም በሽንትም ብዙ ፈሳሽ ይወጣል። ሆኖም ሳይጠማችሁ በየጣቢያው ውኃ መጋት የደማችሁን ሶዲየም ያወርዳል፤ ይህ ራስ ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል። ሲጠማችሁ ጠጡ።

4. “እንዳያመኝ” ብላችሁ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ውጣችሁ አትሩጡ። ፈሳሽ ባጣ ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ። የከፍታ ሕመም መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

5. ደማችሁን አስቀድማችሁ ተመርመሩ። ደም ማነስ ያለበት ሰው ከፍታ ላይ ሁለት ጊዜ ይቀጣል። በተለይ የወር አበባ የሚበዛባችሁ ሴቶች ይህን አትዝለሉ።

6. አስም ያለባችሁ የምትነፉትን መድኃኒት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ሜክሲኮ ሲቲ በተራሮች የተከበበ ሸለቆ ውስጥ ስላለች የተበከለ አየር ይታመቅባታል።

7. ፀሐይ። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደመና ቢሆንም ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይረሳ።

በመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ተጠንቀቁ

ሶካሎ ሲቃረብ ሕዝቡ ይጮኻል፣ የካቴድራሉ ማማዎች ይታያሉ፣ ሁሉም ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ መፈትለክ ያምረዋል። እዚህ ላይ ነው ሐኪም የሚፈራው! በማራቶን ላይ የሚያጋጥም ድንገተኛ የልብ መቆም በብዛት የሚታየው በመጨረሻው ሩብ የሩጫው ክፍል ነው። ስለዚህ በያዛችሁት ፍጥነት ግቡ። ከገባችሁም በኋላ ወዲያው አትቁሙ፣ አትቀመጡም፤ ለ10 ደቂቃ ያህል ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። በድንገት መቆም የደም ግፊትን አውርዶ ራስ ያስታል።

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ሩጫውን አቁሙና እርዳታ ጠይቁ፦
- የደረት ሕመም ወይም መጨምደድ
- ቆማችሁም የማይመለስ የትንፋሽ እጥረት፣ አረፋ ያለው ሳል
- ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር
- መወላገድ፣ ግራ መጋባት፣ ራስን መሳት

አጠገባችሁ የወደቀ ሰው ካልመለሰላችሁና በትክክል ካልተነፈሰ ውኃ አትርጩበት፣ ሽንኩርትም አታሽትቱት። አንድ ሰው እርዳታ ይጥራ፤ እናንተ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ በኃይልና በፍጥነት ተጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። የሕክምና ቡድን እስኪደርስ አታቋርጡ።

ከቤተሰባችሁ ውስጥ በለጋ ዕድሜው በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ስትሮጡ ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ወይም የልብ ሕመም፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ካለባችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ሐኪም ያያችሁ። ሜዳሊያው በሚቀጥለው ዓመትም አለ።

ይህን ጽሑፍ ከውጭ መጥቶ ለሚሮጥ ወንድም፣ እህትና ጓደኛ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልን።

ጤናችሁ ይብዛ!